መሬት አስይዢው

ጥቅምት 4

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለቀጭኑ ሽቦ፣

እንዴት ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ "ደህና" የሚለውን ቃል ግን ሰፋ አድርገህ ያዘው። ስልክ የማይደርስበት ዋሻ ቁፋሮ ምን እንዳስገባህ እስካሁን አልገባኝም። ሰው የኤሌክትሪክ ሙያ የሚማረው መብራት ያለበት ለመኖር ነው! የቦቴው ሹፌር ያመጣልኝ ደብዳቤህ ናፍጣ ናፍጣ ከመሽተቱ የተነሳ ገመድ ላይ አስጥቼ ነው ያነበብኩት። እጅ ጽሑፍህ ምን ነክቶት ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ዘፋኙ ጓደኛህስ ደህና ነው?

"ሳሎን ውስጥ ፏፏቴ? ነክቶሻል እንዴ?" ላልከኝ፣ አልነካኝም። ቁጭ ብለህ ስማኝ።

እማዬ ዐይኗ ጨርሶ ከጠፋ ወዲህ ከክፍሏ ወደ ሳሎን የምትመጣው በስፌት መኪናዬ ድምፅ ነው። እኔ ስሰፋ ድምፁን ተከትላ ትመጣለች። ጨርቅ ልቆርጥ ወይ ቁልፍ ልተክል ካቆምኩ ኮሪደሩ መሃል ቀጥ ትልና "ስፊ እንጂ! የት ገባሽ?" ብላ ትጮሃለች። ስንት ጊዜ ክር የሌለውን መኪና በባዶው እያስጮህኩ እንደመራኋት አልነግርህም። ሬዲዮ ብከፍትላት "ይህን ለፍላፊ ዝም አሰኚልኝ" አለች። ከዚያ ተስፋ ቆረጠችና አልጋዋን ሙጥኝ አለች።

ባለፈው ጥርሷን ላሳክማት ወሰድኳት። ተራ መጠበቂያው ክፍል ጥግ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ተደራርቦ ውሃ ኮለል እያለ የሚወርድበት ነገር አለ። ከጸሐፊዋ ጋር ስለ ተራችን ስጨቃጨቅ ቆይቼ ዞር ብል እማዬ ወንበሯ ላይ የለችም። ለካ ብቻዋን ተነስታ፣ በሰዉ እግር መሃል አልፋ፣ ውሃው ጋ ደርሳ ጣቷን ነክራ ቆማለች! ፊቷን ብታየው! "ይህ ከቤታችን ቢኖር ማንም አይመራኝም ነበር" አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለጌጥ መስሎህ ከሆነ፣ ጌጡ ምርቃት ነው።

የምቸኩለው ደግሞ በአጎታችን ምክንያት ነው። የግንባሯን እብጠት አይተው "እህቴ አንድ ጊዜ ደግማ ከተጋጨች ሻንጣዋን ይዤ ወደ ቤቴ ነው" ብለዋል። ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። እማዬ የእሳቸው ቤት ሲነሳ ምግብ አይወርድላትም፤ እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጠው በር ሊዘጉባት ነው። ከገዛ ቤቷ እንድትወጣ እኔም አልፈቅድም፣ እሷም አትፈቅድም። ስለዚህ እንዴት እንደሚሠራ ቶሎ ጻፍልኝ። የሰፈሩን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሪ እንዳትለኝ፤ ባለፈው አንድ አምፖል ሊቀይር መጥቶ ቤቱን በሙሉ ጨለማ አድርጎልኝ ሄዷል።

እህትህ


ጥቅምት 13

ለእታለም፣

ሰላም ነሽ ወይ? እማዬስ? መልሴ የዘገየው የቦቴው ሹፌር መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ስለቆየ ነው፤ ይቅርታሽን። ስለ እጅ ጽሑፌ ለጠየቅሽኝ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ብርድ ነው። ሁልጊዜ ስለማወራልሽ፣ "ዘፋኙ" ስለምንለው ጓደኛዬም ጠይቀሻል። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ሐሳብሽን ስሰማ ስቄ ነበር፤ ምክንያቱን ሳነብ ግን ሳቄ ጠፋ። እሺ፣ እንሥራው። ግን አንቺ ሲነግሩሽ "እሺ" ብለሽ የፈለግሽውን የምታደርጊ ሰው ነሽና አንዴ እንኳ እንደተባልሽ አድርጊ።

ጥልቅ ያለ ገንዳ ግዢ። ብረት እንዳይሆን፣ ፕላስቲክ ይሁን። ኮሪደሩ ከሳሎኑ የሚገናኝበት ጥግ ላይ አስቀምጪው፤ እማዬ ከየትኛውም ክፍል ብትወጣ ድምፁ ፊት ለፊቷ ይሆንላታል። ውሃ ልክ ተበድረሽ ገንዳው ወደ አንድ ጎን አለማዘንበሉን እይ፤ አለበለዚያ ውሃው ሞልቶ ይፈስና ከታች ቤት ያሉት መምህር ራስ ላይ ይወርዳል። ፓምፑ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ መስመጥ አለበት፣ ደርቆ ከሠራ ይቃጠላል። ከእሱ የሚነሳውን ጎማ ከድንጋዮቹ ጀርባ አሳልፈሽ በአናታቸው ላይ አውጪው። ጠፍጣፋ ድንጋይ እየመረጥሽ ደራርቢ፣ እያንዳንዱን ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል አድርጊው። ውሃ ከከፍታ ሲዘል ይረጫል፤ ድንጋይ ላይ ሲንሸራተት ግን ያንጎራጉራል። እማዬ የምትፈልገው ማንጎራጎሩን ነው።

ከሁሉም በላይ ፓምፑን መሬት አስይዢው። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህቺን አትርሺ። መሬት ሳታስይዢው ጠብታ ውሃ እንዳትጨምሪበት። ለምን እንዲህ እንደምጨቀጭቅሽ አትጠይቂኝ፣ ብቻ እሺ በይኝ።

ወንድምሽ ሽቦ


ጥቅምት 25

ለሽቦዬ፣

ዛሬስ ደህና ነን ስልህ ከልቤ ነው። ይፈሳል! ይህን ስጽፍልህ ከጀርባዬ እያንጎራጎረ ነው።

"ስንት ጊዜ ተበላሸብሽ?" ብለህ ለማሾፍ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ። መጀመሪያ ድንጋዮቹን በልብስ ሳሙና አጥቤ በደንብ ሳላለቀልቅ ደረደርኳቸው። ፓምፑ ሲነሳ አረፋው ገንዳውን ሞልቶ፣ ምንጣፉን አልብሶ፣ ወደ አንዲት ሙሽራ ቀሚስ ገሰገሰ። ቀሚሱን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ አረፋ ስዝቅ እማዬ "ምንድን ነው? ምንድን ነው?" እያለች ትስቃለች። ቀጥሎ ደግሞ "ውሃ ልክ ምን ያደርግልኛል፣ ዐይኔ ልክ ነው" ብዬ ገንዳውን እንደመሰለኝ አስቀመጥኩት። መምህሯ ጃንጥላ ዘርግተው ደረጃውን ወጡ። ቤት ውስጥ ጃንጥላ! አፌን በነጠላ ሸፍኜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ውሃ ልክም ተበደርኩ።

ዋናውን ነገር ግን እንዳልከኝ አድርጌአለሁ። ፓምፑን መሬት አስይዤዋለሁ። እንዴት ያለ መያዝ መሰለህ! ገንዳውን ከወለሉ ጋር በሲሚንቶ አጣበቅኩት፣ ፓምፑንም ከገንዳው ሥር ጋር እንደዚያው። ሁለት ጎረምሳ ቢጎትተው ንቅንቅ አይልም። ፓምፑ ያገለገለ ነው፣ ግን ጎበዝ ነው። ገመዱ ውስጥ ሦስት ሽቦ አገኘሁ፤ የእኛ ማከፋፈያ ደግሞ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ቢጫና አረንጓዴዋ ማደሪያ ስላጣች ቆርጬ በፕላስተር ጠቀለልኳት። ስለ እሷ አንዳች ስላልጻፍክ ትርፍ ናት ብዬ ነው።

አሁን እማዬን ብታያት! ግድግዳ ሳትነካ፣ እጇን ሳትዘረጋ፣ እንደ ድሮው ዘንፈል እያለች ትመጣለች። ወጥ ቤት ትገባለች፣ በረንዳ ትወጣለች፣ በውሃው ድምፅ ትመለሳለች። ሲመሽ ሶኬቱን የምትነቅለው ራሷ ናት፤ "መሪዬን እኔው ላስተኛው" ትላለች። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿን ነክራ "ውሃው ይቆነጥጠኛል" እያለች ትስቃለች። ምኑ ነው የሚቆነጥጥሽ ብላት "እንደ አባትሽ ነው፣ ሳላስበው ጫፍ ጫፌን" አለችኝ። እኔ አፈርኩላት።

አንድ ያሳሰበኝ ነገር ቢኖር ወለሉ ሲረጥብ የላስቲክ ነጠላ ጫማዋ እንዳያዳልጣት ነው። እሁድ አጎታችን ሊያዩን ይመጣሉ፤ ፊታቸው እንድትንሸራተት አልፈልግም። ከእሁድ ጀምሮ በባዶ እግሯ አደርጋታለሁ።

እህትህ፣ የፏፏቴ ባለቤት


ጥቅምት 30

እታለም፣

ሶኬቱን ንቀይ። ይህን ይዘሽ ከመቀመጥሽ በፊት ሂጂና ንቀይ፣ ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢ።

ነቀልሽ? እማዬን ከውሃው አርቂያት። ነጠላ ጫማዋን እንዳታስወልቂያት! እስካሁን ያተረፋት እሱ ላስቲክ ነው። ውሃው ይቆነጥጠኛል ያለችሽ ቀልድ አይደለም፣ ኮረንቲ ነው። ያገለገለው ፓምፕሽ ኮረንቲ ያፈሳል።

መሬት አስይዢው ያልኩሽ በሲሚንቶ አጣብቂው ማለቴ አልነበረም! እኛ ሥራ ላይ መሬት ማስያዝ የምንለው ያችን የቆረጥሻትን ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ማገናኘትን ነው። ኮረንቲ ከፓምፑ ሲያፈተልክ ይዛ ወደ አፈር የምታወርደው እሷ ናት። መሬት ያልያዘ ኮረንቲ ሰው ይይዛል። እዚህ ዋሻ ውስጥ ስንባባለው የምንውለው ቃል ስለሆነ አንቺም እንደ እኛ የምትሰሚው መሰለኝ። ልብስ ሰፊ መሆንሽን ረሳሁት። እንዴት ያለሁ ደደብ ነኝ!

ቦቴው እስኪመጣ መጠበቅ አልቻልኩም። ይህን በመሐንዲሱ ሹፌር፣ እግሩ ላይ ወድቄ ነው የላክሁት። ከእሁድ በፊት አደርሳለሁ ብሎ ምሎልኛል። ሌላ ነገር አትጻፊልኝ፣ "ነቅያለሁ" ብቻ በይኝ።

ሽቦ


ኅዳር 3

ለተወደድከው ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርብልሃለሁ። ደብዳቤህ ሰኞ ዕለት ደርሶናል። ሶኬቱ ተነቅሏል። እማዬ ፍጹም ደህና ናት፤ በባዶ እግሯም አልቆመችም፣ ውሃውም ምንም አላደረጋትም። ስለዚህ በከንቱ አትጨነቅ።

አጎታችን እንደተባለው እሁድ መጥተው ነበር። የተነጋገርነውን ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሃለሁ። በቃሉ ምክንያት የተፈጠረውን አለመግባባት በተመለከተም ራስህን አትውቀስ፤ ማንኛውም ሰው ሊሳሳት ይችላል።

የደንበኞች ሥራ ስለተከማቸብኝ አላረዝመውም። ሰሞኑን ፀሐይ በርትቷልና ለጤንነትህ ጥንቃቄ አድርግ።

አክባሪህ እህትህ


ኅዳር 10

እታለም፣

ይህ የማን ጽሑፍ ነው?

"አክባሪህ"? አንቺ እኔን አክብረሽ ታውቂያለሽ? ደግሞስ ፊደሉን እዪው! አንቺ ከተወለድሽ "ጸሀይ" እንጂ "ፀሐይ" ጽፈሽ አታውቂም። ይህ የተማረ ሰው እጅ ነው፣ መስመሩ እንኳ ንቅንቅ አይልም። ይባስ ብሎ "ራስህን አትውቀስ" ብለሽኛል! ልቤን ያቆመው እሱ ነው። ደህና ብትሆኚ ኖሮ "ለልብስ ሰፊ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል ወይ?" ብለሽ አፈር ድሜ ታስግጪኝ ነበር። ስድብሽ ናፈቀኝ።

ደብዳቤዬ የደረሰው ሰኞ ነው ብለሻል። እሁድ ምን ሆነ?

ብርድ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ዘፋኙ ሞቷል። ዋሻው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚስበው ፓምፕ ላይ ነበር የሚሠራው። አብረን ቁርስ በልተን "ምሳ ላይ እንገናኝ" ብሎኝ ገባ። የመሬቱ ሽቦ መበጠሱን ማንም አላየም። ለምሳ ልጠራው ስደርስ ውሃው መሃል የቆመ መስሎኝ ጠራሁት። ሊዘፍን ነው ብዬ ጠበቅኩት፣ እታለም። እጄ የሚንቀጠቀጠው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። አንቺ "በሲሚንቶ አስይዤዋለሁ" ብለሽ ስትጽፊልኝ በዐይኔ የመጣው እሱ ነው።

ፈቃድ ብጠይቅ አለቃዬ "በቂ ምክንያት አምጣ" አለኝ። ምን ልበለው? በሰው እጅ "ደህና ነን" ብለው ጻፉልኝ ልበለው? እባክሽ፣ ከእማዬና ከአንቺ የተጎዳው ማን ነው? መልሱ ምንም ቢሆን አለማወቁ ይብስብኛል።

ሽቦ


ኅዳር 17

ልጄ፣

እኔ ነኝ፣ እናትህ። የሚጽፉልኝ የታች ቤቷ መምህር ናቸው። ያለፈውንም የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ እህትህ አጠገባቸው ቁጭ ብላ "እንዲህ ይበሉልኝ" እያለች አስዋሸቻቸው። በዚህ ዕድሜያቸው! አሁን እሷ ፋሻ ልታስቀይር ሐኪም ቤት ሄዳለች። ሳትመለስ ቶሎ ቶሎ ልንገርህ።

የተጎዳችው እሷ ናት። አትደንግጥ፣ ትናገራለች፣ ትበላለች፣ ትቆጣለች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተቃጥለዋል። ሐኪሙ መርፌ ትይዛለች ብሏል፣ ቀስ ብላ።

ያን እሁድ አጎትህ ከመድረሱ በፊት ቤቱን ላሳምር ብላ ተነሳች። እኔን ጫማሽን አውልቂ ብትለኝ ይበርደኛል ብዬ እምቢ አልኳት። እሷ ግን ወለሉን ለማድረቅ የራሷን አውልቃለች። አንዱ ድንጋይ ተንሸራቶ ነበርና ላስተካክለው ብላ እጇን ከገንዳው ከተተች። እኔ ይህን የት አይቼ፣ ኋላ ነው የነገረችኝ። እኔ የሰማሁት ማውራቷን ማቋረጧን ነው። እህትህ ደግሞ ወሬ መሃል አታቆምም፣ ታውቃታለህ። "ልጄ?" አልኳት፣ ዝም። ከጉሮሮዋ የታነቀ ነገር ሰማሁ። ውሃው ግን ይወርዳል።

በውሃው ድምፅ ሄድኩ። ልይዛት እጄን ሰደድኩና መለስኩት። ጠዋት ጠዋት ሲቆነጥጠኝ የነበረው ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፣ ልጄ። እኔን ጫፍ ጫፌን የሚነካኝ እሷን ሙሉ በሙሉ ይዟታል። ብይዛት አብሬያት እቀራለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንንም የሚያወጣን የለም። ልጄ አጠገቤ እየሞተች እጄን ከእሷ መመለስ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለማንም አይድረስ። ግድግዳውን ዳብሼ ማከፋፈያውን አገኘሁት። ማታ ማታ የምነቅለው እኔ ስለሆንኩ እጄ ያውቀዋል። ነቀልኩት። ወደቀች። ያን ጊዜ ነው የጮህኩት፣ መምህሯም በባዶ እግራቸው ሮጠው ወጡ።

እህትህ የምታለቅሰው ለጣቷ አይደለም፣ "እናቴን ልገድላት ነበር" እያለች ነው። አንተም እዚያ "የእኔ ቃል ነው" እያልክ እንደምትንገበገብ አውቃለሁ። ሁለታችሁም አርፋችሁ ተቀመጡ። ከዚህ ቤት የሞተ የለም። የጓደኛህን ግን መምህሯ አንብበውልኝ ብዙ አለቀስኩ። ይህን ሁሉ ብቻህን ይዘህ ምነው ዝም አልከኝ?

አጎትህ መጣ፣ የሆነውን ሰማ፣ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን ላይ አወረደ። "ይህ ቤት ለዓይነ ስውር አይሆንም" አለኝ። "ዐይን ያላትን ልጄን ያወጣኋት ዐይን የሌለኝ እኔ ነኝ። ጠባቂ የሚያስፈልጋት ከሁለታችን ማን ናት?" አልኩት። ሻንጣውን ራሱ መልሶ ሰቀለው፣ ሲሰቅለውም ሰምቻለሁ።

እሱን እንዲህ ብዬ መለስኩት። ለአንተ ግን የምነግርህ ሌላ ነው። ውሃው ከቆመ ወዲህ ቤቱ ዝም ብሏል። የእህትህ መኪናም እጇ እስኪድን ቆሟል። ሌላ ድምፅ የለም። ትናንት ከመጸዳጃ ቤት ስወጣ ክፍሌ በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቶኝ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጣራ አልኩና አፈርኩ። ጉልበቴም ተጋጭቶ ቆስሏል፣ ረጅም ቀሚስ ለብሼ ሸፍኜዋለሁ። ለእህትህ ብነግራት በታመመ እጇ ያንን ነገር መልሳ ትሰካዋለች። ለአጎትህ ብነግረው ሻንጣዬን ያወርዳል። መምህሯ እዚህ ጋ ሲደርሱ ብዕራቸውን አቆሙ፤ ይጻፉ አልኳቸው።

አለቃህ በቂ ምክንያት አምጣ ብሎሃል አሉ። እናቴ ገዛ ቤቷ ውስጥ ጠፍታለች በለው። ና።

እናትህ